«ሆድ ይፍጀው» ስንል ሆድ ምን ይሆናል?

የአንባቢያን ጥያቄና የሲስተር መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ከወሎ ናቸው። ሦስቱም ውስጥ ሐዘን አለ። እኔም ወሎዬ ነኝ፤ 26 ዓመት በነርስነት የሠራሁትም እዚያው ነው። ስለዚህ ዛሬ ወሬዬ ከረዘመ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን ሲስተር። የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ነው። ዕድሜዬ 46 ነው፤ ባልትና እሸጣለሁ። በ2014 ጥቅምት ላይ ከተማው ሲጨንቅ እናቴንና ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ታናሽ ወንድሜ «ቤቱን ልጠብቅ» ብሎ ቀረ። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። መሞቱን የሰማሁት ከወር በላይ ቆይቶ በስልክ ነው። የቀበሩት ጎረቤቶች ናቸው። ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር፤ በርበሬ የምሰጣበት ሸራ እንኳ አልቀረም። እናቴ ታማብኝ ነበር። ማን ለማን ያልቅስ? ሁሉም ቤት ሐዘን ነው። «አብሽሪ፣ ሆድ ይፍጀው» ተባባልንና ወደ ሥራችን ገባን።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ደረቴን ጨምድዶ ይዞ ይቀሰቅሰኛል። እጄ ይደነዝዛል። ሆዴ ይነፋል። ጀርባዬን ይወጋኛል። የመጀመሪያው ሰሞን ፀጉሬ በእፍኝ ይረግፍ ነበር። የልብ፣ የጨጓራ፣ የእንቅርት፣ የታይፎይድ፣ ያልተመረመርኩት የለም። «ነፃ ነሽ» ይሉኛል። የመጨረሻው ሐኪም ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ምንም የለሽም፣ ጭንቀት ነው» አለኝና አሚትሪፕቲሊን ጻፈልኝ። ጎረቤቴ «የእብድ መድኃኒት ነው» ስላለችኝ አልገዛሁትም። ሲስተር፣ ያማል እኮ! ሐዘን እንዲህ ያደርጋል? ወይስ እያበድኩ ነው?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ እህቴ፣ አላበድሽም። ሕመሙም እውነተኛ ነው።

«ምንም የለሽም» የሚሉት ነገር እኔን ራሴን ያናድደኛል። የምርመራ ወረቀት የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። የልብሽ ሥር አልተዘጋም ብሏል፣ የእንቅርትሽ ሆርሞን አልተዛባም ብሏል። ደስ የሚል ዜና ነው፤ ወረቀቶቹን አትጣያቸው። ግን ከዚያ ሁሉ ወረቀት መሀል «ሰው ሞቶብሽ ያውቃል ወይ?» የሚል የለም። አንቺም ደብዳቤሽ ላይ ወንድምሽን አስቀድመሽ ጻፍሽልኝ እንጂ ለሐኪሙ የነገርሽው አይመስለኝም።

አማርኛችን ይህን ነገር ድሮ ያውቀዋል። ሰው ሲሞትብን «ወገቤ ተቆረጠ» እንላለን። ስንናደድ ቆሽታችን ያርራል። ስንፈራ ሐሞታችን ይፈሳል። ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል። (ቆሽት ለምን እንደተመረጠ እስካሁን አልገባኝም። ምስኪኑ ሥራው ስኳር መቆጣጠርና ምግብ ማስፈጨት ነው።) ቦታውን ሁልጊዜ አንመታውም፤ ነገሩን ግን አልሳትነውም።

በሁለቱ ኩላሊቶችሽ አናት ላይ እንደ ቆብ የተደፉ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። አድሬናል ይባላሉ። አንጎል አደጋ ሲሸተው እነሱን ያዛል፤ እነሱም አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃሉ። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ደም ከሆድ ወደ እግር ይሮጣል። በጨለማ ጦሳ ሥር ጅብ ቢያጋጥምሽ የሚያተርፍሽ ይኼ ነው። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ይረጋጋል። ሐዘን ግን ደጅ ላይ ተኝቶ የሚያድር ጅብ ነው። ዕጢዎቹ ለዚያ አልተሠሩም።

ሌሊት 10 ሰዓት ማለትሽ አልገረመኝም። ኮርቲሶል በማንም ጤነኛ ሰው ላይ ወደ ንጋት ሲጠጋ ከፍ ይላል፤ ሰውነት ለመንቃት የሚሰናዳበት ሰዓት ነው። ያዘነ ሰው እንቅልፉ ስስ ነው፤ ያኔ ይባንናል። ቀን ደንበኛ አለ፣ ሚዛን አለ፣ የልጅ ምሳ አለ። ሌሊት ግን አንቺና እሱ ብቻ ናችሁ። ሳታውቂው ቶሎ ቶሎ ትተነፍሻለሽ። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይቀንስበትና እጁና ከንፈሩ ይደነዝዛል። ደረትሽን የሚጨመድደው በጎድን አጥንቶችሽ መሀል ያለው ጡንቻ ሊሆን ይችላል፤ ሲወጠር ያደረ ጡንቻ ያማል። ሆድሽም የራሱ የነርቭ መረብ አለው፣ ከአንጎል ጋር ሲነጋገር ነው የሚውለው። ፀጉር ደግሞ ከትልቅ ድንጋጤ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ በብዛት ይረግፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ያንቺም የቆመው ለዚህ ይመስለኛል።

የሲስተር ወግ ብቻ እንዳይመስልሽ። በፈረንጆቹ 1969 እንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ጥናት ሚስቶቻቸው የሞቱባቸው 4486 ወንዶችን ተከታትሏል፤ ሁሉም 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሞቱት፣ በዕድሜ ከሚመሳሰሏቸው ባለትዳሮች ከሚጠበቀው በ40 በመቶ በለጡ። በ1995 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አእምሮው የደከመ ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶች ክንዳቸው ላይ በሐኪም ትንሽ ቁስል ተደረገላቸው። ቁስሉ እስኪድን አስታማሚ ካልሆኑ ሴቶች በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘገየ። 13 ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ይኼን ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የምትለኝ እናቴ ናት።

እናቴ በ1977 ድርቅ ባቲ መጠለያ ነበረች። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ታናሼ ጀርባዋ ላይ ነው። ኅዳር ውስጥ አንድ ንጋት ላይ እዚያው ታዝሎ እንዳለ ሞተ። አንቀልባውን ፈትተው ወሰዱት። በዚያ ቀን የሞተው ብዙ ነበር፤ ለማን ይለቀሳል? አላለቀሰችም። ውሃ ልትቀዳ ተነሥታ ሄደች። እኔ አንቀልባውን አጣጥፌ ይዤ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ በሁለቱ ትከሻዎቿ መሀል ይይዛታል። ቀና ማለት ያቅታታል። «ብርድ መታኝ» ትላለች። ቅቤ ተቀባች፣ ዋግምት አስደረገች፣ ነርስ ሆኜ ስመጣ ራጅ አስነሣኋት። አጥንቷ እንደ ኮረዳ ነው። እኔም ያኔ አዲስ ተመራቂ ነኝና «ምንም የለሽም እማዬ» አልኳት። እንዲህ ያልኳትን ቀን አሁንም እጸጸትበታለሁ። የሚያማት ቦታ እኮ ልጁ የታዘለበት ቦታ ነው! ለማየት ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

አንድ ጊዜ የጎረቤት ሕፃን ሞተና ለቅሶ ሄድን። እናቴ እዚያ ተቀምጣ በድንገት የወንድሜን ስም ጠራች። ከባቲ ወዲህ ስሙ ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ የማን ለቅሶ እንደሆነ አልጠየቁም፤ ተቀበሏት። እስኪመሽ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ጀርባዋ ጨርሶ ዳነ ብልሽ ውሸት ነው። ኅዳር ሲገባ ዛሬም ይሰማታል። ግን አሁን «ብርድ ነው» አትልም፤ «ልጄ ነው» ትላለች። ያን ቀን ቡና አስፈልታ ሰው ትጠራለች። ቀናም ትላለች።

ወደ አንቺ ልመለስ። ቅሬሽን አነጋግሪ። (ለሌላ አገር አንባቢዎች፦ እናንተ ዕድር የምትሉትን እኛ ቅሬ እንላለን።) የቅሬውን ዳኛ «የወንድሜ ለቅሶ አልተቀመጠልኝም» በዪው። አያሳፍርም፣ እንግዳም አይደለም። መርዶ ከሩቅ አገር ሲመጣ አስከሬን ሳይኖር ስንቴ ተቀምጠናል። ድንኳኑም ድግሱም ይቅር፤ ፎቶው፣ ቆሎና ቡና ይበቃል። ተዝካርም ይሁን ሰደቃ፣ እንደ ሃይማኖታችሁ። የቀበሩትን ጎረቤቶች ግን የግድ ጥሪያቸው። በምን ከፈኑት? ማን ተሸከመው? የመጨረሻ ቀን ምን ሲል ነበር? እየከበደሽም ቢሆን ጠይቂ። ከባዱ ያላወቅነው ነው፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ጭንቅላታችን በራሱ ሥዕል ይሞላዋል። መቃብሩ ጋ ሄደሽ እንደሆን አልጻፍሽልኝም። ካልሄድሽ ሂጂ፣ ብቻሽን ግን አይሁን።

እንባ ካልመጣ አታስገድጂው። ሳያለቅስ የሚያዝን ሰው አለ፤ በሽታ አይደለም።

ክኒኑን በተመለከተ ጎረቤትሽ ተሳስታለች። አሚትሪፕቲሊን ለድባቴ ይታዘዛል፤ በትንሽ መጠን ደግሞ ለነርቭ ሕመምና ለራስ ምታትም ይሰጣል፣ እንቅልፍም ያመጣል። አፍ ያደርቃል፣ ያንጎላጃል፣ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ማታ ነው የሚወሰደው። ከልክ ካለፈ ልብን ክፉኛ ስለሚጎዳ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ውሰጂ ወይም አትውሰጂ አልልሽም፤ ያ ወረቀት ግን የቆየ ነው። ሆስፒታል ወዳለው የአእምሮ ጤና ክፍል ሂጂና «ወንድሜ ሞቶብኛል» ከሚለው ጀምሪ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ የተራዘመ ሐዘን ራሱን የቻለ ሕመም ነው። ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ፣ የአካባቢው ባህል ከሚጠብቀው ያለፈ፣ ኑሮን የሚያሰናክል ሐዘን ማለት ነው። ያንቺ ያ መሆኑን ተቀምጦ ያነጋገረሽ ባለሙያ ይንገርሽ። ከሆነ ዋናው ሕክምናው ንግግር ነው። ፀበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ሌሊት ሲይዝሽ ተነሥተሽ ተቀመጪ። በአፍንጫሽ እስከ አራት ቆጥረሽ ሳቢ፣ እስከ ስድስት ቆጥረሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። አምስት ደቂቃ ያህል። የእጅሽ መደንዘዝ ሲለቅ ታዪዋለሽ።

አሁን ደግሞ አትቀየሚኝ፤ ቡናሽ ላይ ልገባ ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ካለፈ አቦልም በረካም ይቅርብሽ። ለሽታው ተቀመጪ። ጫት ካለበት ደግሞ ልብ የሚያስመታሽ ማን እንደሆነ ሩቅ አትሂጂ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዳገት ስትወጪ የሚብስ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይ ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብ ጋር የሚመጣ የደረት ሕመም ከሆነ «ሐዘኔ ነው» ብለሽ አትተኚ። ያለምክንያት መክሳት፣ ጥቁር ሰገራ፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ሲኖርም እንዲሁ። ያዘነ ሰው ሌላ በሽታ አይዘውም ያለ የለም። የሚቀጥለው ደብዳቤም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ፤ 29 ዓመቴ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። አባቴ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው። ከዚያ ጀምሮ ጨጓራዬ ይነዳል። ሁሉም «የሐዘን ጨጓራ ነው፣ ሲወጣልህ ይለቅሃል» ይሉኛል። ኦሜፕራዞል እየገዛሁ እውጣለሁ። ለወገቤ ደግሞ ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ። መቼ ነው የሚወጣልኝ?

መልስ፦ ነፍስ ይማር ወንድሜ። ግን ዲክሎፌናኩን ዛሬውኑ አቁም። የጨጓራ ግድግዳ ከሚያቆስሉት መድኃኒቶች አንዱ እሱ ነው።

ድሮ እኛም የተማርነው «ቁስለት ከጭንቀት ነው» ተብለን ነው። ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ይህን ሊያፈርስ በፈረንጆቹ 1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። ጨጓራው ተቆጣ። ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ባክቴሪያው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል፤ በአገራችን በጣም የተስፋፋ ነው። በሰገራ ይመረመራል። ኦሜፕራዞል ምርመራውን ስለሚያሳስት ከምርመራው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ማቆም ይኖርብሃል፤ ከሐኪም ጋር ተነጋገርበት። ከተገኘ በፀረ ተሕዋስያንና በአሲድ መቀነሻ፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን ይታከማል። ሦስተኛ ቀን ላይ ተሻለኝ ብለህ እንዳትጥለው። ሐዘኑ ምንም አላደረገም አልልም፤ ያዘነ ሰው ቃጠሎው ይበረታበታል፣ ምግብም ያልፈዋል። ግን አባትህ ስለሞቱ ብቻ ባክቴሪያ ተሸክመህ አትኑር።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የምጽፈው ከወልድያ ነው። 24 ዓመቴ ነው። ወንድሜ በየመን በኩል ሳውዲ ለመግባት ሲሄድ መንገድ ላይ ሞተ። አብሮት የነበረ ልጅ ደውሎ ነገረን። ስድስት ሳምንት ሆነው። እናቴ የደም ግፊት አለባት። አጎቶቼ «ትሞትብናለች» ብለው እንዳልነግራት አስማሉኝ። እሷ በየቀኑ «ደወለ ወይ?» ትለኛለች፤ እኔ «ኔትወርክ የለም» እላለሁ። አሁን ምግብ አልወርድልሽ ብሎኛል፤ ጉሮሮዬ ላይ የቆመ ነገር አለ።

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ጉሮሮሽ ላይ የቆመው ያ ማዕድ ላይ የምትውጪው መልስ ነው መሰለኝ። ጡንቻው ሲጨበጥ እንዲህ ይሰማል። ምራቅና ውሃ ከወረደልሽ ብዙ አትፍሪ፤ እነሱም እምቢ ካሉ ግን ሐኪም ጋ ታዪ።

እናትሽ ይነገራት። በየቀኑ «ደወለ ወይ?» የምትል እናት ግማሹን አውቃለች። ቀስ እያለ የሚገድል መርዶ የሚሉት ይኼን ነው።

የአጎቶችሽ ፍርሃት ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። በፈረንጆቹ 2012 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ወደ 2000 የሚጠጉ ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዛቸውን ሰዎች አይቶ ነበር። የቅርብ ሰው በሞተ በመጀመሪያው ቀን አደጋው ከሌላው ጊዜ በ21 እጥፍ ከፍ ይላል፤ በቀጣዮቹ ቀናት እየቀነሰ ይሄዳል። ለአብዛኛው ሰው የቀን አደጋው በጣም ትንሽ ስለሆነ 21 እጥፍ ሆኖም ትንሽ ነው፤ ግፊት ላለበት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሌላም አለ። ጃፓኖች በ1990 ስም የሰጡት፣ በድንጋጤ የሚመጣ የልብ መዳከም። የልብ ሥር ሳይዘጋ፣ የግራው የልብ ክፍል ሆዱ ተነፍቶ አንገቱ ጠብቦ እንደ እንስራ ይሆናል። እነሱ ኦክቶፐስ በሚያጠምዱበት ገንቦ ስም ታኮትሱቦ አሉት። በብዛት የሚይዘው የወር አበባቸው የቆመ ሴቶችን ነው። አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ፤ ሐኪም ጋ ከደረሱ። ስለዚህ እናትሽ ከመርዶው በኋላ «ደረቴን» ካለች ውሃ እየረጫችሁ «ሐዘኑ ነው» አትበሉ። ባጃጅም ቢሆን ጠርታችሁ ሐኪም ጋ አድርሷት።

አነጋገሩ እንዲህ ይሁን። በንጋት ድንኳን ተክሎ በጩኸት መግባቱ ይቅር። ትንሽ አርፍዱ። የግፊት ክኒኗን ትዋጥ፣ ቁርስ ትቅመስ። የምትወዳቸው ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይቀመጡ፤ አንዷ እሷን ስትጮህ አቅፎ መያዝ የምትችል ትሁን። «ታሟል» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «ሞተ» በሉ። ከዚያ ይለቀስ። ቅሬው ይጠራ፣ ሰው ይምጣ፣ ለሳምንት ብቻዋን አትደር።

አንድ ነገር ግን ከልብሽ ያዢልኝ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ሲወድቅ ያየሁት በመርዶው ቀን ሳይሆን በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ነው። እንግዳው ሲበዛ ክኒኑ ይረሳል። አንዴ ሐይቅ አካባቢ አንዲት ሐዘንተኛ እናት ምላሳቸው ተሳሰረ ተብዬ ሮጥኩ። ክኒናቸው ትራሳቸው ሥር እንዳለ ነው፣ አራት ቀን አልተነካም። ቤቱ ውስጥ የግፊት መለኪያ ነበረ፤ ባትሪው ግን አልቋል። ስለዚህ ክኒኑን የመስጠት ሥራ ላንቺ ይሁን፤ ሌላ ሰው ላይ አትጣዪው። መለኪያ ካላችሁም ከመርዶው በፊት ባለው ማታ ባትሪውን ቀይሪው።